የተሣቀበት ጨዋታና የተናቀው ገበያ

ቀኑን ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ሲጽፍ የዋለ አንድ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ራቱን በልቶ፥ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፥ ጠረጴዛውን ጠርጎ ከመሳቢያው አንዲት ትንሽ መርከብ ያወጣል። መርከቢቱ ከስንዝር እምብዛም አትበልጥም፤ ምሰሶዋ ገና አልቆመም፤ ገመዷም የልብስ ስፌት ክር ነው። ሰውዬው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ክሩን በወረንጦ እየያዘ ሲያስር፥ ቀን ያስጨነቀው የሒሳብ ጉድለትም ሆነ የአለቃው ቍጣ ከአእምሮው ይወጣል። በዚህ ሰዓት አንድ ወዳጁ ድንገት ቢገባበት ግን፥ «አንተ ሰው፥ ጢም አውጥተህም ትጫወታለህ?» ብሎ ይሥቅበታል። ባለመርከቡም አፍሮ ሥራውን ከጋዜጣ በታች ይሸሽጋል።

እንዲህ ያለው ሣቅ በብዙ አገር የተለመደ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችማ ለዚህ ዓይነት ሰው ልዩ ስም እስከ ማውጣት ደርሰው «ነርድ» ይሉታል። ቃሉ በ1950 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ የሕፃናት መጽሐፍ ውስጥ የእንግዳ ፍጡር ስም ሆኖ ታተመ፤ በሚከተለው ዓመትም በዴትሮይት ከተማ ወጣቶች ዘንድ ወግ የማያውቅ ደረቅ ሰው ማለት እንደ ሆነ በመጽሔት ተጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ በመጻሕፍት፥ በቍጥር፥ በአምሳያ ሥራና በጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ለሚመሰጥ ሰው ሁሉ መሣለቂያ ሆኖ ኖረ።

ነጋዴ ግን በሌላው ሣቅ ተመርቶ ገበያን ሊመዝን አይገባውም። ሰው ማንም ሳያስገድደው፥ ደመወዝ ሳይከፈለው፥ ከእንቅልፉ ቀንሶ የሚሠራው ሥራ ልቡ ያለበት ሥራ ነው። ልብ ያለበትን ሥራ ተከትሎ ደግሞ ዕቃ ይገዛል፤ ዕቃም የሚገዛው ካልሣቀበት ባለሱቅ ዘንድ ነው። የዚህም ማስረጃ ከሩቅ አይፈለግም፤ ከአንድ አስመጪ ነጋዴ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይገኛል።

የሥጋ አስመጪው ሒሳብ ጸሐፊ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ አገር፥ በሊቨርፑል ወደብ፥ ዴቪድ ኤሊዮት የሚባል ከውጭ አገር ሥጋ የሚያስመጣ ነጋዴ ነበረ። በመሥሪያ ቤቱም ውስጥ በ1863 የተወለደው ፍራንክ ሆርንቢ በሒሳብ ጸሐፊነት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሆርንቢ የመሐንዲስነት ትምህርት ያልተማረ ሰው ነው። ነገር ግን በትርፍ ጊዜው ለወንዶች ልጆቹ ከቆርቆሮ እየቈረጠ ድልድይ፥ ጋሪና የዕቃ ማንሻ ክሬን ይሠራላቸው ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ አንድ ችግር ገጠመው። ለድልድዩ የተቈረጠው ቍራጭ ለክሬኑ አይሆንም፤ አዲስ መጫወቻ በታሰበ ቍጥር ሥራው ከሀ ይጀመራል። ሆርንቢም ሲያወጣና ሲያወርድ ቈይቶ፥ ቍራጮቹ ሁሉ ስፋታቸው አንድ ዓይነት፥ ቀዳዳቸውም በእኩል ርቀት የተበሳ ቢሆን፥ በብሎንና በዳዶ እየታሰሩ ዛሬ ድልድይ፥ ነገ ክሬን ሊሆኑ እንደሚችሉ ተገነዘበ። ስለዚህ የቍራጩን ስፋት ግማሽ ኢንች አደረገ፤ ቀዳዳዎቹንም በየግማሽ ኢንቹ በሳ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ብዙ ገንዘብ ያስገኙ ሐሳቦችም አብዛኛዎቹ ሲሰሙአቸው ቀላል ናቸው።

ሐሳቡን በሕግ ለማስመዝገብ ግን የሒሳብ ጸሐፊ ደመወዝ አልበቃውም። ወደ አሠሪው ሄደና 5 ፓውንድ እንዲያበድረው ለመነ። የመጫወቻ ነገር ይዞ የቀረበውን ሠራተኛ «ሂድና መዝገብህን ጻፍ» ብሎ ማሰናበት ለአንድ አለቃ እጅግ ቀላል ነገር ነው። ኤሊዮት ግን ገንዘቡን ሰጠው፤ ሐሳቡም በ1901 ተመዘገበ። አሠሪው በዚህ ሳይወሰን ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ የሥራ ቦታ ሰጥቶት ሸሪኩ ሆነ።

በ1902 «የመካኒክ ሥራ በቀላሉ» ማለት በሚሆን ስም የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች በ7 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ለገበያ ወጡ። ንግዱም ወዲያው አልሠመረም፤ እስከ 1906 ድረስ ትርፍ የሚባል ነገር አልታየም። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ሆርንቢ በትዕግሥት ቈይቶ በ1907 ዕቃውን «ሜካኖ» ብሎ ሰየመውና የጸሐፊነት ሥራውን ተወ። በ1908 የሜካኖ ኩባንያ ሲቋቋም ኤሊዮት በአዲሱ ኩባንያ አልገባም፤ ድርጅቱም የሆርንቢ ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የመጫወቻ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በ1914 በሊቨርፑል ታላቅ ፋብሪካ ተሠራ፤ በ1920 የሆርንቢ ትናንሽ ባቡሮች፥ በ1934 ደግሞ ዲንኪ የተባሉት ትናንሽ የብረት መኪናዎች ወጡ። የቀድሞው ሒሳብ ጸሐፊ በ1931 የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1936ም በታላቅ ሀብት ላይ ሳለ ዐረፈ። ትናንሾቹ ባቡሮች እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ይሸጣሉ።

መጫወቻው ሒሳብ ሠራ

የአምሳያ ሥራ ጊዜ ከማጥፋት በቀር ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። በ1934 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ዳግላስ ሃርትሪ የተባሉ መምህርና ተማሪያቸው አርተር ፖርተር፥ ከባድ የሒሳብ ጥያቄዎችን የሚፈታ መኪና ለመሥራት አሰቡ። እንዲህ ያለው መኪና ቀደም ብሎ በአሜሪካ በብዙ ገንዘብ ተሠርቶ ነበር። እነርሱ ግን የሜካኖ ቍራጮችን፥ ጥርስ ያላቸውን መዘውሮችና ዘንጎችን ገዝተው የመጀመሪያውን ሙከራ በ20 ፓውንድ ያህል ሠሩት። መጫወቻው በእውነት ሒሳብ ሠራ፤ ከዚያም በኋላ ትልቁን መኪና ለማሠራት በር ከፈተ።

ሁለተኛው ምሳሌ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተገኘ ነው። በ1946 የተቋቋመ የተማሪዎች የትናንሽ ባቡሮች ክበብ ነበር። ከአባሎቹ አንዳንዶቹ ከጠረጴዛው በላይ ያሉትን ቤቶችና ዛፎች በማስዋብ ይደሰታሉ፤ ሌሎቹ ግን ከጠረጴዛው በታች ገብተው፥ ባቡሮቹን የሚያዝዘውን ሽቦና የስልክ ዕቃ ሲያያይዙ ያድራሉ። ከዚህ ክበብ የወጡ ወጣቶች ኮምፒዩተር ወደ ተቋሙ በገባ ጊዜ ከማንም ቀድመው ጠባዩን ያወቁ ሆኑ። በ1962ም ስቲቭ ራስልና ባልንጀሮቹ በኮምፒዩተር ላይ ሁለት መርከቦች በጠፈር የሚዋጉበትን ጨዋታ ሠሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው የኮምፒዩተር ጨዋታ ከቀደምት አያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ የአምሳያ ሥራ የሚከበረው ታላቅ ነገር ሲወልድ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። አንድ ሺህ ሰዎች ትናንሽ መርከቦች ቢሠሩ፥ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ከመርከቢቱ በቀር ሌላ ትርፍ አያገኙም። እነዚህም ቢሆኑ የሚፈልጉትን አግኝተዋል። በቢሮ የሚሠራ ሰው ሥራው በየቀኑ ያልቅና በነጋታው እንደ ገና ይጀመራል፤ በእጁ የሠራት መርከብ ግን አንድ ቀን ተፈጽማ ከመደርደሪያ ላይ ትቆማለች። ይህ ደስታ በገንዘብ የሚተመን አይደለም፤ መሣለቂያ የሚሆንም አይደለም።

የጠረጴዛ ጦርነት

ከአምሳያ ሥራ ጋር ወንድማማች የሆነው በትናንሽ ወታደሮች የሚደረገው ጨዋታ ነው። ይህም በሕፃናት አልተጀመረም። በ1824 ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩስያ መኰንን በካርታ ላይ በትናንሽ ቍራጮችና በዳይስ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ለጦር አለቆቹ አቀረበ፤ እነርሱም ለመኰንኖች ማሠልጠኛ አደረጉት።

ጨዋታው ወደ ሰፊው ሕዝብ ሊወርድ የቻለው ግን በንግድ ብልሃት ነው። በ1893 በእንግሊዝ አገር ዊሊያም ብሪተን የቀለጠውን እርሳስ በቅርጹ ውስጥ ካፈሰሰ በኋላ፥ ዳር ዳሩ ሲረጋ መካከሉን መልሶ በማውጣት ውስጡ ባዶ የሆነ ወታደር መሥራት ጀመረ። በዚህ ዘዴ ብረቱ ስለሚቀንስ ዋጋው ረከሰ፤ ክብደቱም ቀለለ። እስከዚያ ድረስ ገበያውን ይዘው የነበሩት ሙሉ የጀርመን ወታደሮች ብርቱ ተወዳዳሪ መጣባቸው።

በ1913 ደግሞ ስመ ጥሩው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በእነዚህ ወታደሮች የሚደረገውን ጨዋታ ሕግ በመጽሐፍ አሳተመ። ዌልስ በዚያ ጊዜ የ46 ዓመት ጐልማሳ ሲሆን፥ በወለል ላይ ተንበርክኮ በትንሽ መድፍ የእንጨት ጥይት መተኰሱን ለመደበቅ አልሞከረም። እንዲያውም ከእውነተኛው ጦርነት ይልቅ ማንም የማይሞትበት ይህ ትንሽ ጦርነት እንደሚሻል በመጽሐፉ ተከራከረ። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ በዌልስ ላይ ለመሣቅ የሚደፍር ብዙ ምክንያት አልነበረውም።

ከስድሳ ዓመት በኋላ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ጋሪ ጋይጋክስ የሚባል ሰው ነበረ። በ1970 ከኢንሹራንስ ኩባንያ ሥራው ወጥቶ በጫማ ማደስ ይተዳደር ነበር። ከዴቭ አርነሰን ጋር ሆኖ ተጫዋቹ አንድን ጀግና ወክሎ በምናብ የሚጓዝበትን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ አዘጋጀ። አሳታሚ ስላልተገኘለት በ1973 እርሱና ወዳጁ ዶን ኬይ እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር አዋጥተው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በ1974 አንድ ሺህ ሳጥን አሳትመው በእጃቸው እያሰናዱ ሸጡት፤ በዓመት ያህል ጊዜ ውስጥም አለቀ። በ1980ዎቹ በጨዋታው ላይ ከመሣቅ አልፎ የወጣቱን አእምሮ ያበላሻል የሚል ብርቱ ክስ በየአደባባዩ ተነሣበት። ጨዋታው ግን ያንን ሁሉ አልፎ ከሃምሳ ዓመት በኋላም በብዙ አገር ይሸጣል።

ስድስት ሳጥን ያዘዙት ወጣቶች

በ1975 ጆን ፒክ፥ ኢያን ሊቪንግስተንና ስቲቭ ጃክሰን የተባሉ ሦስት ወዳጆች በለንደን «ጌምስ ወርክሾፕ» የተባለ ትንሽ ድርጅት መሠረቱ። ዕቃቸው ፒክ በእጁ የሚሠራቸው የእንጨት የጨዋታ ገበታዎች፥ መሥሪያ ቤታቸውም የተከራዩት መኖሪያ ቤት ነበር። የጋይጋክስ ጨዋታ ደርሶአቸው እጅግ ስለ ወደዱት ስድስት ሳጥን አዘዙ፤ በዚህች ትንሽ ትእዛዝም ጨዋታውን በአውሮፓ ብቻቸውን የማከፋፈል መብት ለሦስት ዓመት አገኙ። አንድ ትልቅ አስመጪ እንዲህ ያለውን ዕቃ ተመልክቶ ቢሆን ኖሮ፥ ስድስት ሳጥን ይቅርና አንድ ለማዘዝም ባላሰበ ነበር።

መንገዱ ግን የተመቸ አልነበረም። ሱቅ ነው እያሉ የሚመጡት ደንበኞች ስለ በዙ አከራዩ አስወጣቸው፤ ሊቪንግስተንና ጃክሰንም ለጥቂት ወራት በመኪና ውስጥ እያደሩ ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1978 የመጀመሪያውን ሱቅ በለንደን በሐመርስሚዝ ከፈቱ። በ1983 ድርጅቱ «ዋርሃመር» የተባለውን በትናንሽ ምስሎች የሚደረግ የራሱን የጦርነት ጨዋታ አወጣ፤ በ1994 አክሲዮኑ በለንደን ገበያ ለሕዝብ ቀረበ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ በለንደን ገበያ ካሉት ከአንድ መቶዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ገባ። ዋና መሥሪያ ቤቱና ፋብሪካው በኖቲንግሃም ከተማ ሲሆን፥ የዓመት ሽያጩ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኖአል። በመኪና ውስጥ ያድር የነበረው ሊቪንግስተንም በ2022 «ሰር» የሚለውን የክብር ማዕረግ አገኘ። መሥራቾቹ ድርጅቱን ከለቀቁ ብዙ ዘመን ቢሆንም፥ መሠረቱ የእነርሱ ነው።

የዕቃው ጠባይና የባለሱቁ ጠባይ

ነጋዴ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሊመለከተው የሚገባው የዕቃውን ጠባይ ነው። ማናቸውም ሌላ ዕቃ የሚሸጠው ተሠርቶ አልቆ ነው፤ የአምሳያ ዕቃ ግን የሚሸጠው ሳያልቅ ነው። ኖቲንግሃም የሚያወጣቸው ምስሎች ቀለም አልተቀቡም፤ ብዙዎቹም አልተገጣጠሙም። ገዢው ይቈርጣል፥ ያጣብቃል፥ ይቀባል። ድካሙን ራሱ ይከፍላል፤ ለድካሙም ደስ እያለው ገንዘብ ይጨምራል። ከዚህም የተነሣ አንድ ሳጥን የገዛ ሰው ሙጫ፥ ቀለም፥ ቀጭን ብሩሽ፥ መቍረጫና ሞረድ ፍለጋ ይመለሳል። ቀለሙ ያልቃል፤ ብሩሹ ያረጃል፤ ደንበኛው ግን አያልቅም። ዕቃው ትንሽና ቀላል ስለ ሆነም በመደርደሪያ ላይ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ነገር የዋጋ ብልሃት ነው። በእንግሊዝ አገር ኤርፊክስ የተባለው ኩባንያ በ1952 አንዲት ጥንታዊ መርከብ በፕላስቲክ አምሳያ አዘጋጅቶ በሳጥን ፈንታ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ በ2 ሺልንግ አስወጣት። ዋጋዋ ከተማሪ ኪስ ጋር ስለ ተስማማ ገበያው ሰፋ። በጃፓንም በሺዙኦካ ከተማ በ1946 በእንጨት መሰንጠቅ የተቋቋመው የታሚያ ድርጅት ወደ እንጨት አምሳያ፥ ከዚያም በ1960 ወደ ፕላስቲክ ተሻገረ። የመጀመሪያው የፕላስቲክ መርከቡ አልሠመረለትም፤ ቀጥሎ ያወጣው ታንክ ግን በሰፊው ተሸጠ። ታንኩ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ እንዲሆን የተደረገው በውስጡ የባትሪ ድንጋይና ሞተር እንዲገባ ተብሎ ነው። በባትሪ ድንጋይ የተወሰነው ይኸው ልክ በኋላ የዓለም የታንክ አምሳያዎች የተለመደ ልክ ሆነ።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር የባለሱቁ ጠባይ ነው። የጌምስ ወርክሾፕ ሱቆች ብዙዎቹ በአንድ ሰው ብቻ የሚጠበቁ ትናንሽ ሱቆች ናቸው። ሻጩ እንግዳውን አስቀምጦ ብሩሽ እንዴት እንደሚያዝ፥ ጨዋታው እንዴት እንደሚጀመር ያሳየዋል። በሌላ ቦታ የተሣቀበት ወጣት በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መሰሎቹን ያገኛል፤ ዐፋሩ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ ወደዚያው ሱቅ መመለሱ ዕቃ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ የተከበረበት ቦታ ስለ ሆነ ነው።

ሆኖም ይህ ንግድ አደጋ የለበትም አይባልም። ኤርፊክስ በ1981 ከሰረ፤ የጋይጋክስ ድርጅት ገበያው ከሚሸከመው በላይ ስላሳተመ በዕዳ ተይዞ በ1997 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፤ የሊቨርፑሉ የሜካኖ ፋብሪካም በ1979 ተዘጋ። የሰውን ፍቅር መነገጃ ማድረግ የሂሳብን ጥንቃቄ አያስቀርም።

በአገር ቤት ያለው ምሳሌ

ይህ ሁሉ ለአገራችን ሰው እንግዳ ሊመስል አይገባም። ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ከመኳንንት ጨዋታዎች አንዱ ነበር። በ1805 ትግራይን የጐበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ መውደዳቸውን ጽፎአል። የአገራችን ሰንጠረዥ ልዩ ጠባይ አለው፤ በመጀመሪያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፥ አንዱ የሌላውን እስኪማርክ ድረስ በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። በዙሪያው የቆመውም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል። ገበጣም ከዛፍ ጥላ በታች ሽማግሌዎችን ሲያጫውት ኖሮአል። በእነዚህ ሰዎች ላይ ግን «ሕፃን ሆኑ» ብሎ የሣቀ የለም።

የየሠፈሩ ልጆች ደግሞ ከሽቦና ከጣሳ መኪና ሲሠሩ፥ ከጠርሙስ ክዳንም ጎማ ሲያወጡለት የማያውቅ ማን ነው? ብዙ አባት «ትምህርትህን ትተህ ቆሻሻ ትለቅማለህ» ብሎ ሽቦውን ይጥልበታል። ትምህርቱን እንዳይተው መምከር ተገቢ ነው፤ ሽቦውን መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። የሽቦ መኪና መሪው ጎማውን እንዲያዞር ያደረገ ልጅ፥ ማንም ሳያስተምረው አንድ የመካኒክ ትምህርት ተምሮአል።

እንግዲህ ነገሩ ተመልሶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይደርሳል። በመሳቢያው ውስጥ ትንሽ መርከብ የደበቀ ጸሐፊ በማናቸውም ድርጅት ውስጥ ሊኖር ይችላል። መርከቡ ምናልባት ከመደርደሪያ ሳትወርድ ትቀራለች፤ በእርስዋ የሚደሰተው ሰው በማግሥቱ ወደ ሥራው ልቡ ዐርፎ ይገባልና ይህም ራሱ ጥቅም ነው። ምናልባትም አንድ ቀን ወደ አሠሪው ቀርቦ የ5 ፓውንድ ያህል ብድር ይለምን ይሆናል። በዚያ ቀን የሊቨርፑሉን ሥጋ አስመጪ ማስታወስ ይበጃል፤ እርሱ ሁለት ነገር አድርጎአልና። በሠራተኛው ላይ አለመሣቁና ገንዘቡን መስጠቱ የሚመሰገንበት ነው፤ ንግዱ ሊያፈራ ሲል ወጥቶ መቅረቱ ግን ለነጋድያን ሁሉ የሚታሰብ ትምህርት ሆኖ ይኖራል።